ፊሊፕ ድሪንከርና የብረቱ ሳንባ

ጉሮሮ ሳይቀደድ፣ ቱቦም ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ሳይገባ በሽተኛን ማስተንፈስ ዛሬ በጭንብል የሚከናወን ተግባር ነው። የዚህን ሕክምና መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ ግን ሐኪም ሳይሆኑ መሐንዲስ የነበሩት ፊሊፕ ድሪንከር ናቸው።

ድሪንከር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ተወለዱ። በኬሚካል ምሕንድስና ከሠለጠኑ በኋላ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሠራተኞችን ጤና አጠባበቅ አስተማሩ። በዚያም በጋዝ ተመርዘው ወይም በኤሌክትሪክ ተመትተው ትንፋሻቸው የተቋረጠባቸውን ሰዎች ለማዳን ይመራመሩ ጀመር። ከባልደረባቸው ከሉዊስ አጋሲዝ ሾው ጋር ሆነው፣ የበሽተኛው ራስ ብቻ ከውጭ የሚቀርበትን ዝግ የብረት ሣጥን ሠሩ። አየሩን የሚገፋውና የሚስበው የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሞተር ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ግፊቱ ሲቀንስ ደረት ይሰፋል፣ አየርም በአፍና በአፍንጫ ይገባል፤ ግፊቱ ሲመለስ ትንፋሽ ይወጣል።

በ1928 ዓመት፣ በኦክቶበር 12 ቀን፣ በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የልጅነት ልምሻ ትንፋሿን ያዳከመባት የስምንት ዓመት ልጅ ራሷን እንደሳተች በመሣሪያው ውስጥ ተኛች። በጥቂት ደቂቃዎችም ነፍስ ዘራች። ይሁን እንጂ ከቀናት በኋላ የሳንባ ምች ገደላት። በሚቀጥለው ዓመት ግን አንድ የሐርቫርድ ተማሪ በዚሁ መሣሪያ ድኖ ተነሣ።

የድሪንከር ታሪክ እንከን አላጣም። በ1931 ጆን ኤመርሰን ቀለል ያለና ዋጋው የረከሰ መሣሪያ ሲሠሩ፣ ድሪንከርና ሐርቫርድ የፈጠራ መብታችን ተነካ ብለው ከሰሷቸው። ክሱ አልቀናቸውም፤ ይልቁንም የራሳቸው መብት ፈረሰባቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አውስትራሊያዊው ኤድዋርድ ቦዝ ይህንኑ ሣጥን ከኮምፔንሳቶ ሠርተው ለብዙ ሆስፒታሎች እንዲዳረስ አደረጉ። ድሪንከር በ1972 አረፉ።

በሊሙ ገነት በሌሊት ተረኛ ለሆነ ባልደረባችን ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ጅማ እስኪደረስ ትንፋሹ የማይቆይ በሽተኛ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃልና። በአገራችን በ12 ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2024 የታተመ ጥናት፣ ጫፉ ውሃ ውስጥ በሚጠመቅ ቱቦ ግፊት የሚሰጠው ቀላል መሣሪያ፣ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ኦክሲጅን ባነሳቸው ሕፃናት ዘንድ ሕክምናው ሳይሳካ የሚቀርበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

መሣሪያ ጊዜ ይሰጣል እንጂ በሽታውን አያድንም፤ የቦስተኗ ልጅ ሞት ይህንን አስተምሯል። በተገኘው ጊዜ መንስኤውን ማከም፣ በሽተኛውንም ነቅቶ መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።