ዑመር ኢብኑል ኸጧብ፦ የሕዝብ መስክና የሕዝብ ገንዘብ ጠባቂ

የደማሙ የንጉሥ ፈህድ መናፈሻና የአል-ኾበር ኮርኒሽ ቤተሰቦች አመሻሽ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው የሚያርፉባቸው የጋራ ስፍራዎች ናቸው። በበረሃ ምድር ሣርና ዛፍ ማልማት ግን ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። በጀት ሲያጥር ቅድሚያው ለማን ነው? ሂሳቡስ ለማን ይቀርባል? ጥያቄው ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። ይህ ዳርቻ ከቀጢፍና ከአል-አሕሳ ጋር በኢስላም መጀመሪያ ዘመን አል-በሕረይን ይባል ነበር፤ ከዚያ የመጣ ገንዘብም በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የሂሳብ ሥርዓት ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው።

ዑመር ከቁረይሽ ጎሳ፣ ከበኑ ዐዲይ ወገን በመካ ተወለዱ። በልጅነታቸው የአባታቸውን ግመሎች ጠብቀዋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በስድስተኛው ዓመት ገደማ ሰለሙ። በ13 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 634) ከአቡበክር ሲዲቅ (ረ.ዐ) ቀጥለው ኸሊፋ ሆኑ።

በዘመናቸው ሒማ የሚባል፣ ለሕዝብ ጥቅም የተከለለ የግጦሽ መስክ ነበር። ዑመር ሁነይ የተባለውን ነጻ የወጣ አገልጋያቸውን በሒማ ላይ ሲሾሙ፣ ጥቂት ግመልና በግ ያላቸውን እንዲያስገባ፣ የዑስማን ኢብኑ ዐፋንንና የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን መንጋ ግን እንዲያቆይ አዘዙ። ባለጸጋው ከብቱ ቢያልቅ እርሻና ተምር አለው። ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ወደ በይቱል ማል ይመጣል፤ ለእርሱም ውሃና ሣር መስጠት ወርቅና ብር ከመስጠት ይቀላል። ትእዛዛቸው ርኅራኄም፣ የወጪ ስሌትም ነበር።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከአል-በሕረይን 500,000 ዲርሃም ይዘው መዲና ሲደርሱ ዑመር የገንዘቡን ብዛት ማመን አቃታቸው። ካረጋገጡ በኋላ ሚንበር ላይ ወጥተው ለሕዝቡ አሳወቁ፤ አከፋፈሉንም አማከሩ። የባለ መብቶች መዝገብ የሆነው ዲዋን እንዲቋቋም ሐሳብ የቀረበው በዚያ ምክክር እንደነበር ይዘገባል። ዑመር የሹማምንትን ሀብት ሲሾሙ ያስመዘግቡ፣ ከጊዜ በኋላም ያነጻጽሩ ነበር። አቡ ሁረይራም ሳይቀሩ ስለ ሀብታቸው ተጠይቀው ምንጩን አስረድተዋል። ዑመር በኋላ ዳግም ሊሾሟቸው መጠየቃቸው እምነታቸው እንዳልጎደለ ያሳያል፤ አቡ ሁረይራ ግን ሹመቱን አልተቀበሉም።

በ18 ዓመተ ሂጅራ የረማዳ ድርቅ መዲናንና አካባቢዋን ሲመታ ዑመር ከሻምና ከሌሎች ግዛቶች እህል አስመጡ። ዘካ መሰብሰቡን ለዚያ ዓመት አዘገዩ። ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስም ራሳቸውን ከቅቤና ከሥጋ ከለከሉ። ጉድለቱን በችግረኛው ላይ አልጣሉትም፤ ቁጠባውን ከራሳቸው ማዕድ ጀመሩ።

በ23 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 644) መጨረሻ በፈጅር ሶላት ላይ ተወግተው ሕይወታቸው ሲያልፍ፣ ልጃቸው ዐብዱላህ ዕዳቸውን እንዲቆጥር አዘዙ። 86 ሺህ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከቤተሰቡ ሀብት እንዲከፈል፣ ካልበቃ ከበኑ ዐዲይ፣ ከዚያም ከቁረይሽ እንዲጠየቅ፣ ከእነዚህ ግን እንዳያልፍ ተናዘዙ። የሌሎችን ሂሳብ ለአሥር ዓመታት የመረመሩት ኸሊፋ የመጨረሻውን ምርመራ ያደረጉት በራሳቸው ላይ ነበር።