አልሐጂ አቢዮላ ምክትላቸውን ሲመርጡ

ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሥልጣን ከመያዙ በፊት የሚሰጠው የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔ ምክትሉን መምረጥ ነው። ሕዝቡም ሰውየውን የሚለካው በዚያ ውሳኔ ነው። ናይጄሪያዊው ባለጸጋ አልሐጂ ሞሹድ ካሺማዎ ኦላዋሌ አቢዮላ በ1993 ይህን ውሳኔ ሲሰጡ ብዙ ሰው የተከራከረው በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ እርሱም ሙስሊም የሆነ እጩ እንዴት ሙስሊም ምክትል ይመርጣል የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ክርክሩ ያነጣጠረው በተሳሳተ ቦታ ላይ እንደነበረ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የሰውየውን ሕይወት ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

አቢዮላ በነሐሴ 1937 በዮሩባዎች ምድር በአቤኦኩታ ከተማ ተወለዱ። ለአባታቸው ሃያ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱት በሙሉ በሕፃንነታቸው በማለፋቸው ወላጆቻቸው ይህም ልጅ ይተርፋል ብለው ለማመን አልደፈሩም፤ ስለዚህ ካሺማዎ፣ ማለትም እስኪ እንጠብቅና እንይ የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡላቸው። ልጁ ተረፈ። ዳሩ ግን አባት የካካዎ ንግዳቸው ከስሮ ስለነበር ቤቱ የድሀ ቤት ነበር። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ገና ሳይነጋ ጫካ ወርዶ እንጨት ይለቅምና ሸጦ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ ደግሞ የሙዚቃ ጓድ አቋቁሞ በየድግሱ ይጫወት ጀመር፤ ክፍያው መጀመሪያ ላይ ምግብ ነበር፤ ስሙ እየታወቀ ሲሄድ ግን በገንዘብ ሆነ።

የተማሩበት የአቤኦኩታው የባፕቲስት የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክርስቲያን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ነበር። እዚያም የተማሪዎችን መጽሔት በዋና አዘጋጅነት ይመሩ ነበር። ምክትል አዘጋጃቸው ማን እንደነበረ ቢጠየቅ ብዙ አንባቢ አይገምትም፤ በኋላ ናይጄሪያን ሁለት ጊዜ የመሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ናቸው! አንደኛው ሙስሊም፣ ሌላኛው ክርስቲያን፣ ሁለቱም የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች። ይህን ለወጉ ያህል ማንሳቴ አይደለም፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ከባንክ ጸሐፊነት ተነስተው በስኮትላንድ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ አጠኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በሆስፒታል፣ ከዚያም በመድኃኒት ኩባንያ ከሠሩ በኋላ አይቲቲ በሚባለው የአሜሪካ የስልክና የመገናኛ ኩባንያ ተቀጠሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ። ሀብታቸው የመጣው ከዚህ ነው፤ ከጦር መኮንኖች ጋር የተዛመዱትም በዚሁ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም የመገናኛ ዕቃ ዋነኛው ገዢ ጦሩ ነበር። ሁሉም በበጎ አላያቸውም። ዘፋኙ ፌላ ኩቲ አይቲቲ በተሰኘ ዘፈኑ አቢዮላንና ኦባሳንጆን በስማቸው ጠርቶ ሌቦች ሲል ዘልፏቸዋል። ጽሑፋችን ሚዛን የያዘ እንዲሆን ይህንንም መጥቀስ ተገቢ ነው።

በ1980 ኮንኮርድ የተሰኘውን ጋዜጣ መሠረቱ። በገንዘባቸው መስጂድ አሠሩ፤ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያም ሰጡ። በናይጄሪያ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ውስጥ ከፍተኛ አመራር ሆኑ። በ1988 ደግሞ ዮሩባዎች አሬ ኦና ካካንፎ የሚሉትን የጥንት የጦር አዝማችነት ማዕረግ ተቀበሉ። በፖለቲካው ግን ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ተሰናክለው ነበር። ገዢው ፓርቲ በ1983 ለሚካሄደው ምርጫ የፕሬዚዳንትነት እጩነቱን ለሌላ ሰው እንደማይለቅ ሲገልጥላቸው፣ ሥልጣንን በገንዘብ ሊገዙ የመጡ ሰው ተደርገውም ሲሾፍባቸው፣ በ1982 ከፓርቲው ወጡ። ለአሥር ዓመት ያህልም ከምርጫ ርቀው ቆዩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የጄኔራል ኢብራሂም ባባንጊዳ ዘመን ነው። ባባንጊዳ የአቢዮላ ወዳጅ ነበሩ። ጄኔራሉ ሥልጣንን ለሲቪል አስረክባለሁ ብለው ሁለት ፓርቲዎችን ራሳቸው ፈጠሩ፤ አንደኛው ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ፣ ሁለተኛው ናሽናል ሪፐብሊካን ኮንቬንሽን ይባሉ ነበር። በ1992 የተካሄደውን የፓርቲዎች የእጩ ምርጫ ደግሞ መልሰው ሰረዙት፤ ይወዳደሩ የነበሩትንም አንጋፋ ፖለቲከኞች አገዱ። ከታገዱት መካከል ጡረተኛው ጄኔራል ሼሁ ሙሳ ያራዱዋ ይገኙበታል። ሜዳው በዚህ መንገድ ከተጸዳ በኋላ አቢዮላ ወደ ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ገቡ።

በመጋቢት 1993 ማብቂያ ላይ ፓርቲው በጆስ ከተማ ተሰበሰበ። ከፊት የወጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አቢዮላ ናቸው። ሁለተኛው ባባጋና ኪንጊቤ ሲሆኑ የቦርኖ ተወላጅ፣ ዲፕሎማት የነበሩና ቀደም ሲል ፓርቲውን በሊቀመንበርነት መርተው በየክፍለ ግዛቱ ሰው የዘረጉ ሰው ናቸው። ሦስተኛው አቲኩ አቡበከር የጉምሩክ ባልደረባ የነበሩና የታገዱት የያራዱዋ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ማንም በቂ ድምፅ አላገኘም። አቲኩ ራሳቸውን አገለሉ፤ አቢዮላም በሁለተኛው ዙር ኪንጊቤን በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። የያራዱዋ ወገን ድጋፉን የሰጠው የምክትልነቱ ቦታ ለአቲኩ ይሰጣል በሚል ተስፋ እንደነበር በሰፊው የሚታወቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። አቢዮላ በአንድ ወገን ባለውለታቸው ያራዱዋ አሉ። በሌላ ወገን ከእርሳቸው ጋር እኩል ሊባል የሚችል ድምፅ ያገኙት ኪንጊቤ፣ ከኪንጊቤም ኋላ የፓርቲው የክፍለ ግዛት ገዥዎች አሉ። የሠራተኛ ማኅበራት መሪ የነበሩት ክርስቲያኑ ፓስካል ባፍያውም ስማቸው ተነስቶ ነበር። ገዥዎቹ ኪንጊቤ ካልሆኑ እያሉ ገፉ። ምርጫው ሊደርስ የቀረው ሁለት ወር ተኩል ብቻ በመሆኑ ገዥዎቹ ቅር ቢላቸው በየክፍለ ግዛቱ ቅስቀሳውን የሚያካሂድ ሰው አልነበረም። አቢዮላ ኪንጊቤን መረጡ።

ወዲያውኑ ጩኸት ተነሳ። ሁለቱም ሙስሊም! ጩኸቱ ያለ ምክንያት የተነሳ አልነበረም፤ ይህንን በቅንነት መቀበል አለብን። ናይጄሪያ በ1986 የእስልምና ጉባኤ ድርጅት ሙሉ አባል በሆነችበት ጊዜ አገሩ በክርክር ታምሷል። በ1987 በካዱና ክፍለ ግዛት ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋጭተው ደም ፈስሷል፤ በ1992 በዛንጎን ካታፍ እንደገና ፈስሷል። በዚህ መካከል የክርስቲያኑ ግማሽ አገር ከላይ እስከ ታች ሙስሊም የሆነ አመራር ሲቀርብለት ቢሰጋ ይፈረድበታልን? ተቃዋሚው ፓርቲ በአንጻሩ የካኖውን ሙስሊም በሽር ቶፋን አቅርቦ ከምሥራቅ ክርስቲያኑን ሲልቬስተር ኡጎህን ምክትል አድርጎ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ሚዛኑን የጠበቀው ይህኛው ነው።

ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር አደረገ። ሰኔ 12 ቀን 1993 በተካሄደው ምርጫ ከየክፍለ ግዛቱ በተሰበሰበው ውጤት መሠረት አቢዮላ 8,341,309 ድምፅ ሲያገኙ ቶፋ 5,952,087 አገኙ። አቢዮላ ያሸነፉት በዮሩባዎች አገር ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያኖች በሚበዙባቸው በቤኑዌ፣ በፕላቶ፣ በአናምብራም ጭምር ነው። ከዚህም በላይ ቶፋን በገዛ አገራቸው በካኖ አሸነፏቸው! የቤኑዌ ገበሬ ድምፁን ሲሰጥ እንጀራውን አስቦ ይሁን ከወታደር መገላገልን፣ የምክትሉ ሃይማኖት እንዳላገደው ግን ቁጥሩ ይናገራል። በዕድሜ ከፍ ያላችሁ አንባቢያን የዚያን ሰሞን የሬዲዮ ዜና ታስታውሱ ይሆናል።

ውጤቱ ተገልጦ ሳያልቅ ሰኔ 23 ቀን ባባንጊዳ ምርጫውን ሰረዙ። የአቢዮላ ወዳጅ የነበሩት ባባንጊዳ ማለት ነው። እርሳቸው በነሐሴ ወር ከሥልጣን ሲለቁ ጊዜያዊ የሲቪል መንግሥት ተተከለ፤ ያም ሦስት ወር ሳይሞላው በኅዳር 17 ቀን ጄኔራል ሳኒ አባቻ ገለበጡት።

የምክትሉ ጉዳይ እውነተኛ ፈተና ላይ የወደቀው እዚህ ነው። ባባጋና ኪንጊቤ፣ ከአቢዮላ ጋር በአንድ ወረቀት የተመረጡት ሰው፣ በአባቻ መንግሥት ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ፍርዳችን እንዳይቸኩል አንድ ነገር እንጨምር፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አባቻ ሥልጣኑን ለአቢዮላ ያስረክባሉ የሚል ተስፋ በአቢዮላ ሰፈርም ነበር፤ ከአቢዮላ ወገን ወደ ካቢኔው የገቡትም ኪንጊቤ ብቻ አይደሉም። ጄኔራሎችን በማመን አቢዮላም አብረው ተሳስተዋል። ነገር ግን ተስፋው ባዶ መሆኑ ከታወቀ በኋላስ? አቢዮላ ሰኔ 11 ቀን 1994 በሌጎስ ሕዝብ ፊት ቆመው የተመረጥኩት ፕሬዚዳንት እኔ ነኝ ብለው አወጁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተይዘው በአገር ክህደት ተከሰሱ። የነዳጅ ሠራተኞች ለሳምንታት ሥራ አቁመው ተሰለፉላቸው። ምክትላቸው ግን በሚኒስትርነታቸው ቀጠሉ፤ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ በታዘዙ ጊዜ ከቤተሰባቸው ረዳት እንዲደረግላቸው አላህን ለምነው ወንድማቸው ሃሩን (ዐ.ሰ) እንደተሰጧቸው የማናውቅ የለንም። ሃሩን አንደበተ ርቱዕ ነበሩ። የረዳትነታቸው ዋጋ የታየው ግን ሙሳ ለአርባ ሌሊት ርቀው ሕዝቡ ወደ ጥጃው ባዘነበለበት ጊዜ ነው፤ ሃሩን እየተዛተባቸው እንኳ አብረው አላዘነበሉም። አቢዮላ ምክትላቸውን ሲመርጡ ማን ድምፅ ያመጣልኛል ብለው ጠየቁ፤ ማን ድምፅ እንዳመጣም ቆጠራው መለሰላቸው። እኔ በሌለሁበት ማን ይቆማል የሚለውን ጥያቄ ግን የጆስ ግርግር ጊዜ አልሰጣቸውም። የሃይማኖቱ ክርክርም ይህንኑ ጥያቄ ሸፈነው፤ ሁሉም የምክትሉን ሃይማኖት ሲመረምር ቃል ኪዳኑን የመረመረ አልነበረም።

አቲኩ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበርን? ምርጫውን የሰረዙት ጄኔራሎች ናቸው፤ ለእነርሱ ምክትሉ ማንም ቢሆን ለውጥ ያመጣ ነበር ብዬ አላምንም። በሌላ በኩል የያራዱዋ ወገን ተገፋሁ ብሎ ባያኮርፍ ኖሮ ከስረዛው በኋላ ፓርቲው ያን ያህል በቀላሉ አይፈረካከስም ነበር። ያራዱዋ እራሳቸውም አባቻ ካሰሯቸው በኋላ በታኅሣሥ 1997 በእስር ላይ እንዳሉ ሞተዋል።

በአቢዮላ ቤት በሚኒስትር ማዕረግ ያልተሾመች አንዲት ሴት ነበረች፤ ባለቤታቸው ኩዲራት። ባሏ ሲታሰር አፏን አልዘጋችም፤ የሠራተኞቹን አድማ ደገፈች፤ ለባሏ ድምፅ እየተከራከረች አደባባይ ወጣች። ሰኔ 4 ቀን 1996 በሌጎስ ጎዳና ላይ በመኪናዋ ውስጥ እንዳለች በጥይት ገደሏት። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት አጋር ነበር ማለት ነው፤ አንደኛው በፓርቲ የተመረጠ፣ ሁለተኛዋ ማንም ያልመረጣት።

አቢዮላ አራት ዓመት ታሰሩ፤ ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው ተለይተው ነበር። ከዓለም ምን ያህል እንደተቆረጡ ለመረዳት ይህችን ማወቅ ይበቃል፦ አባቻ ሰኔ 8 ቀን 1998 በድንገት ከሞቱ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ሊጠይቋቸው ሲሄዱ እንግዳው ማን እንደሆኑ አላወቋቸውም፤ ግብፃዊው ዋና ጸሐፊ መለወጣቸውን የሰማ ጆሮ አልነበራቸውም። ይፈታሉ ተብሎ በሚጠበቅበት ሰሞን ሐምሌ 7 ቀን ከአሜሪካ የመጡ ባለሥልጣናትን በአቡጃ እያነጋገሩ ሳለ በድንገት ታመው በዚያው ዕለት አረፉ። ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች አስከሬኑን መርምረው የሞቱት በልብ ሕመም ነው አሉ፤ በሌጎስ ጎዳናዎች ግን ብዙ ሰው ይህንን አልተቀበለም፤ ዛሬም የማይቀበለው ብዙ ነው። ኢኬጃ በሚገኘው ግቢያቸው ተቀበሩ። አላህ ይማራቸው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ መጽሔት እንመለስ። በ1999 ሲቪል መንግሥት ሲመለስ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኦባሳንጆ፣ የአቢዮላ ምክትል አዘጋጅ የነበሩት፣ ናቸው። ምክትል ፕሬዚዳንታቸውስ? በጆስ ቦታውን ያጡት አቲኩ አቡበከር! የሚያሳዝነው ነገር እነዚህ ሁለቱም በሥልጣናቸው ማብቂያ ላይ ክፉኛ ተጣሉ። አንደኛው ክርስቲያን ሌላኛው ሙስሊም የሆነው ጥምረትም መካሰስን አላስቀረም።

በ2023 ምርጫ ደግሞ የቀድሞው የሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰው፣ ዮሩባው ሙስሊም ቦላ ቲኑቡ፣ ልክ እንደ አቢዮላ ከቦርኖ ሙስሊም ምክትል መረጡ፤ ካሺም ሼቲማን። ያው ጩኸት ተነሳ፤ የክርስቲያኖች ማኅበር አጥብቆ ተቃወመ። ቲኑቡ አሸነፉ፤ በሁለተኛነት የተከተሏቸው እንደገና አቲኩ ናቸው። ነገር ግን የቲኑቡ ድርሻ ከመቶ 37 ያህል ነበር፤ አቢዮላ ከመቶ 58 አግኝተው ነበር። ሙስሊም ከሙስሊም ጋር ሲጣመር ያሸንፋል ብሎ ከዚህ ደንብ የሚያወጣ ካለ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጥ።

ባባንጊዳ በየካቲት 2025 ባወጡት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ምርጫውን ያሸነፉት አቢዮላ እንደነበሩ አመኑ። ሠላሳ አንድ ዓመት ወስዶባቸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 ፕሬዚዳንት ቡሃሪ ሰኔ 12ን የአገሪቱ የዴሞክራሲ ቀን አድርገው ነበር፤ ለሟቹ አቢዮላም ለአገር መሪዎች የሚሰጠውን ከፍተኛውን ኒሻን ሸለሙ። ኒሻኑን የተቀበሉት ልጆቻቸው ናቸው። ለምክትል ፕሬዚዳንት የሚሰጠው ሁለተኛው ኒሻን ደግሞ በዚያው ዓመት፣ በዚሁ የሰኔ 12 መታሰቢያ ምክንያት፣ ለባባጋና ኪንጊቤ ተሰጠ።