ኬቮርክ ናልባንዲያንና የነሐስ ባንድ ቅንብር በኢትዮጵያ

ኬቮርክ ናልባንዲያን (እ.ኤ.አ. 1887–1963) በአብዛኛው የሚታወሱት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ደራሲነታቸው ነው። ይህ ዝና ግን ሌላውን ሥራቸውን ሸፍኖታል። ይህ ጽሑፍ የኬቮርክን ሕይወት ከነሐስ ባንድ ቅንብር አንጻር ይመለከታል።

በኢትዮጵያ መለከትና እምቢልታ በቤተ መንግሥት ጥንታዊ ሥፍራ ነበራቸው። ዘመናዊ የነሐስ መሣሪያዎች ግን ጎልተው የታዩት ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ በስጦታ ከላኳቸው ወዲህ ነው። መሣሪያ መገኘቱ ብቻውን ባንድ አያቆምም፤ ዜማውን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ተጫዋች እንደ አቅሙ የሚጽፍ አቀናባሪ ያሻል።

የዚህን ሙያ ክብደት በሩሲያ በሚገባ ከተረዱት አንዱ ኒኮላይ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1873 እስከ 1884 የባሕር ኃይል ባንዶች ተቆጣጣሪ ሆነው ሲሠሩ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ጠባይ አጠኑ፤ በ1877ም ለብቸኛ ትሮምቦንና ለወታደራዊ ባንድ ኮንቸርቶ ደረሱ። በእንዲህ ያለው ድርሰት ፈጣኑ ዜማ ለብቸኛው ተጫዋች ሲሰጥ አጃቢው ባንድ ድምፁን እንዳይውጠው መሳሳት አለበት። ለቫዮሊን የተጻፈ ፈጣን ሥራ ወደ ኮርኔት ሲዛወር ደግሞ የትንፋሽ መውሰጃ ቦታ መታሰብ ይኖርበታል፤ ቀስት አይተነፍስም፣ ሰው ግን ይተነፍሳል። የሲ ቢሞል ኮርኔት ከተጻፈለት ኖታ አንድ ቶን ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ ድርሻው በአንድ ቶን ከፍ ተደርጎ ይጻፋል።

ኬቮርክ የተወለዱት በኦቶማን ግዛት በነበረችው በአይንታብ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም የሚኖሩ ወላጅ አልባ ወጣቶች የነሐስ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። ወጣቶቹ በ1915 ከተጀመረው የአርመን ሕዝብ ፍጅት የተረፉ ነበሩ። በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ቁጥራቸው አርባ በመሆኑም «አርባ ልጆች» ተባሉ። ኬቮርክ የሙዚቃ መሪያቸው ሆኑ፤ ጓዱም የአገሪቱ የመጀመሪያ ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ ሆነ።

ኬቮርክ የመዝሙሩን ዜማ እ.ኤ.አ. በ1926 ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ። አገራቸውንና ወገናቸውን ያጡ ሰው ለሌላ አገር የክብር ዜማ ሠሩ። ዜማው የምዕራባውያን የማርሽ ሥርዓት ስለተከተለ ለነሐስ መሣሪያ የተመቸ ቢሆንም፣ በአገሩ ቅኝት የተቃኘ አልነበረም።

ይህን ክፍተት ከተጋፈጡት መካከል የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ይገኛሉ። ነርሲስ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያገለግሉ በአምስት ድምፆች ላይ የቆመውን የኢትዮጵያ ዜማ ለብዙ መሣሪያዎች አቀናበሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዐረፉ።

የኬቮርክ መዝሙር ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በሌላ ተተካ። ሥራቸውን በመዝሙሩ ዕድሜ ብቻ መለካት ግን ሚዛናዊ አይሆንም። ዜማን ለባንድ ጽፎ የማስጠናት ልማድ በኢትዮጵያ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ ናቸውና፣ ተከታዮቻቸው የአገሩን ቅኝት ወደ ባንድ ሲያመጡ የተነሡት ከዚህ መሠረት ነው።