ፍሪድሪሽ ዜርቱርነር፦ የኦፒየምን ኃይል ለይቶ ያወጣው መድኃኒት ቀማሚ

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ የነበረ አውሮፓዊ ሐኪም ሕመም ለማስታገስ ከሁሉ አብልጦ የሚመካበትም፣ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራውም መድኃኒት ኦፒየም ነበር። ኦፒየም ፖፒ የተባለው ተክል ያልበሰለ ፍሬው ሲበጣ ከሚያወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ የሚገኝ ደረቅ ሙጫ ነው። ሐኪሙ ለሁለት በሽተኞች እኩል መዝኖ ቢሰጥ፣ አንደኛው ሕመሙ ሳይበርድለት ሲያድር ሌላው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ሊቀር ይችል ነበር። ሚዛኑ አልተሳሳተም፤ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ሙጫ ግን ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው ጭነት ኃይሉ ይለያያል። ይህን ችግር ለመፍታት የተነሳው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያልተማረ የ21 ዓመት ወጣት ነበር።

ፍሪድሪሽ ቪልሄልም አዳም ዜርቱርነር ዛሬ ጀርመን በምትባለው አገር፣ በፓደርቦርን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በኖይሃውስ፣ ጁን 19 ቀን 1783 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በአካባቢው ገዥ ጳጳስ ዘንድ በመሐንዲስነትና በመሬት ቀያሽነት ያገለግል ነበር። ልጁም የአባቱን ሙያ እንዲወርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን አባቱ በ1798 ሲሞት የ15 ዓመቱ ፍሪድሪሽ በሚቀጥለው ዓመት በፓደርቦርን በአንድ መድኃኒት ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በ1803 የረዳት ቀማሚነትን ፈተና አለፈ፤ ወዲያውም በትርፍ ሰዓቱ በመድኃኒት ቤቱ ዕቃዎች ኦፒየምን መመርመር ጀመረ።

የተከተለው ዘዴ ቀላል ነበር። ኦፒየሙን በውኃ አሟሙቶ አሞኒያ ሲጨምርበት ከፈሳሹ ውስጥ ደቃቅ ክሪስታል ወደ ታች ዘቀጠ። ይህን ክሪስታል አጣርቶና አጥቦ ለውሾች ሲሰጣቸው እንቅልፍ ጣላቸው። የተቀረውን የኦፒየም ክፍል ሲሰጣቸው ግን ያን መሰል ውጤት አላገኘም። በመሆኑም የኦፒየም ኃይል በሙጫው ሁሉ የተሰራጨ ረቂቅ ነገር ሳይሆን ተለይቶ ሊወጣ፣ ሊመዘንና ሊጠራ የሚችል አንድ ንጥረ ነገር መሆኑን ተረዳ። ከዚህም ሌላ፣ እስከዚያ ዘመን ከተክሎች ተለይተው የታወቁት ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች በአብዛኛው አሲዶች ሲሆኑ፣ እሱ ያገኘው ከአሲድ ጋር ተዋሕዶ ጨው የሚሠራ አልካሊ ነበር።

ይህ ግኝት በ1806 በትሮምስዶርፍ የፋርማሲ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ጸሐፊው በሳይንስ ማኅበራት ዘንድ የማይታወቅ የመድኃኒት ቤት ረዳት ነበር። በዚያው ዓመት ወደ አይንቤክ ከተማ ተዛወረ፤ በ1809ም በናፖሊዮን ዘመን በተመሠረተው የቬስትፋሊያ መንግሥት ፈቃድ የራሱን መድኃኒት ቤት ከፈተ። የጦርነቱ ዘመን ፊቱን ወደ ጦር መሣሪያ አዙሮት ስለ ጠመንጃና ስለ ጥይት አሠራርም ምርምር አድርጓል።

ወደ ኦፒየም ተመልሶ በ1817 ያሳተመው ጽሑፍ ግን ስሙን በመላው አውሮፓ አስጠራው። በዚህ ጥናት መድኃኒቱን የሞከረው በሰው ላይ ነበር። እሱና ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት ያልበለጠ ሦስት ወጣቶች እያንዳንዳቸው ግማሽ ግሬይን፣ ይኸውም 30 ሚሊግራም ያህል፣ በአልኮል አሟሙተው ጠጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደገሙ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሠለሱ። ድንዛዜው ሲበረታ ዜርቱርነር ደንግጦ ለሁሉም ኮምጣጤ አጠጥቶ አስመለሳቸው። በዛሬው ዕውቀት ሲታይ የወሰዱት መጠን መድኃኒቱን ለምዶ ለማያውቅ ሰው ከሚታዘዘው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው፤ ወጣቶቹንም ለሞት አደጋ ያጋለጠ ድርጊት ነበር።

ንጥሩን ሞርፊዩም ብሎ የሰየመው በግሪኮች አፈ ታሪክ የሕልም አምላክ በሆነው በሞርፌዎስ ስም ነው። የፈረንሳዩ ሊቅ ጌይ ሉሳክ የጥናቱን ታላቅነት ተረድቶ በአገሩ መጽሔት በትርጉም እንዲወጣ ካደረገ በኋላ ሞርፊን የሚለው ስም ጸና። የዬና ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት የዶክትሬት ማዕረግ ሰጠው። ወዲያው ሌሎች ኬሚስቶች በዚሁ መንገድ ተከተሉ፤ በ1818 ስትሪክኒን፣ በ1819 ከቡና ፍሬ ካፌይን፣ በ1820 ደግሞ ከሲንኮና ቅርፊት ኪኒን ተለይተው ወጡ። ከ1827 ጀምሮም በዳርምሽታት የሚገኘው የሜርክ መድኃኒት ቤት ሞርፊንን ለገበያ ማምረት ጀመረ።

የዜርቱርነር የኋላ ኑሮ ግን የተደላደለ አልሆነም። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ የቀድሞው መንግሥት ፈቃድ ዋጋ በማጣቱ የአይንቤኩን መድኃኒት ቤት ተነጥቆ፣ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሃመልን ከተማ ሄደ። የግኝቱ ቀዳሚነት ለፈረንሳውያን ይገባል የሚሉ ተከራካሪዎችም ተነሱበት። ክርክሩ የበረደው በ1831 የፈረንሳይ ኢንስቲትዩት 2,000 ፍራንክ ሽልማት ሲሰጠው ነው። በዚያው ዓመት የኮሌራ ምክንያት ራሱን የሚያባዛ ሕያው ነገር ነው ብሎ ጻፈ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1841 በሃመልን አርፎ በአይንቤክ ተቀበረ።

ዜርቱርነር ችግሩን የፈታው ኃይሉን ከሙጫው በመለየት ነው። ሁለት ጭነት ኦፒየም ለምን እንደሚለያይ ግን በሕይወቱ ሳለ ሊያውቅ አይችልም ነበር። የአፈሩ፣ የአየሩና የነጋዴው ቅልቅል ድርሻ እንዳለ ሆኖ፣ አንዱ ታላቅ ምክንያት የተክሉ ዘር ነው። ሜንዴል ስለ ውርስ ሕግ ያደረገው ጥናት የታተመው በ1866፣ ዜርቱርነር ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ነበር።

ፖፒ ሞርፊንን የሚሠራው ታይሮሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ተነስቶ በብዙ ደረጃዎች ነው። እያንዳንዱን ደረጃ የሚያካሂድ ኤንዛይም አለ፤ የኤንዛይሙም ንድፍ በጂን ላይ ተጽፎ ከዘር ወደ ዘር ይተላለፋል። በ2004 በታዝማኒያ የሚበቅል አንድ የፖፒ ዝርያ በዘር ለውጥ ምክንያት ሞርፊን መሥራት አቁሞ፣ በምትኩ ቴባይንና ኦሪፓቪን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች እንደሚያከማች ተገለጸ። በ2010 በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች የሚመሩ ሁለት ጂኖችን አገኙ፤ ከሁለቱ አንደኛው ሲታፈን ተክሉ ሞርፊንን ትቶ ኮዴይንን ያከማቻል። በ2015 የእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው፣ ከሁለት ጂኖች መጋጠም የተፈጠረ አንድ ጂን የሞርፊንን መንገድ እንደሚከፍት አሳዩ። በ2018 የተክሉ ሙሉ የዘር ንድፍ ሲነበብ፣ ሞርፊንና ኖስካፒን ለመሥራት ከሚያገለግሉት ጂኖች 15ቱ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተሰባስበው ተገኙ።

ከዚህ የተነሳ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ዝናብ የበቀሉ ሁለት የፖፒ ተክሎች አንዱ ሞርፊን የበዛበት፣ ሌላው ሞርፊን ያልነካው ሊሆን እንደሚችል ዛሬ በማስረጃ ይታወቃል። ይህን ለማወቅ ግን አስቀድሞ ሞርፊንን ለብቻው መለየትና መመዘን ያስፈልግ ነበር፤ ምን እንደሚሠራ ያልታወቀ ተክል ያን የሚያሠራው ጂን ሊፈለግለት አይችልምና። ዛሬም ሞርፊን በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ሱስ የማስያዝ አደጋው ባይጠፋም፣ በጽኑ ሕመም ለሚሠቃይ በሽተኛ ሐኪሙ በሚሊግራም ቆጥሮ ሊያዝዘው የቻለው በአንዲት የፓደርቦርን መድኃኒት ቤት ውስጥ በተጀመረው ሥራ ነው።