የተሰወረው መቃብር
የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዜና ሕይወት

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን የአባቶች ምሳሌ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ይሁን እንጂ ምሳሌው በአፍ ሲነገር ቀላል ይምሰል እንጂ፣ እውነቱ እስኪጠራ ድረስ ያለው ሌሊት ለአንዳንዱ ሰው እጅግ የረዘመ ነው። ሰው ሲሞት በአገራችን ልማድ ይለቀስለታል፤ ፍትሐት ይደረስለታል፤ በአርባው ተዝካሩ ይወጣል፤ ቤተ ዘመዱም እርሙን ያወጣል። ተገድሎ አስከሬኑ የተደበቀ፣ መሞቱም ያልተነገረ እንደ ሆነ ግን እናቱ ሌሊት በደጅ የሚያልፈውን ኮቴ ስታዳምጥ ትኖራለች። አታለቅስ፣ በሕይወት ያለ ይመስላታል፤ አትጠብቅ፣ የሞተ ይመስላታል።

እንዲህ ያለው ሐዘን የገባበት ቤት በጎጃም ምድር ጥቂት አይደለም። ከእንጅባራና ከዳንግላ እስከ ቻግኒ ያለው የዛሬው የአዊ ዞን በደርግ ዘመን በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር፣ በአገው ምድርና በመተከል አውራጃዎች ይተዳደር ነበር። እኛ ያን ጊዜ አልተወለድንም። ነገሩን የሰማነው ከሽማግሌዎች ነው፤ እነርሱም ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ በዛሬው እሑድ ከዚያው ከጎጃም ተነሥተው ከቤተ ክርስቲያን መንበር የመጨረሻው ከፍታ ላይ የደረሱትን፣ መቃብራቸው ግን 13 ዓመት ያህል ተሰውሮ የኖረውን አባት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ የሚገባ ሆኖ አገኘነው።

አባ መልእክቱ ወልደ ማርያም በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዷ እርሷ ነበረች። በዚያ ዘመን ትምህርት የፈለገ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከቤቱ ይወጣ ነበር። ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ የተነሣ የአገው ምድር የቆሎ ተማሪ በቡሬና በደምበጫ በኩል ብዙ ቀን ተጕዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የቅኔ ጉባኤያት ይደርስ ነበር። መልእክቱ ግን ለቅኔ ቤት ሩቅ መንገድ አላስፈለጋቸውም፤ የተወለዱት ከምንጩ አጠገብ ነውና።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥተው መነኰሱ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም የመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አስተዳዳሪ ሆነው በሊቀ ሥልጣናትነት ማዕርግ አገለገሉ። ኢትዮጵያ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል ሊቀ ጳጳስ የምታገኘው ከእስክንድርያ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ጥቂት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ፤ ራሳቸው ሌላ ጳጳስ ለመሾም ግን ሥልጣን አልነበራቸውም። ይህ ቀንበር መላላት የጀመረው ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን በካይሮ ሲሾሙ ነው። ከአምስቱ አንዱ ሊቀ ሥልጣናት መልእክቱ ነበሩ፤ አቡነ ቴዎፍሎስ ተብለውም የሐረርጌ ጳጳስ ሆኑ።

በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ፤ እርሳቸው በጥቅምት 1963 ዓ.ም. ሲያርፉ አቡነ ቴዎፍሎስ ተመርጠው ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. በመንበሩ ተቀመጡ። ፓትርያርክ በካይሮ ሳይሆን በአዲስ አበባ፣ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሲሾም ይህ የመጀመሪያው ነው። በዘመናቸው ከሠሩት ሁሉ እስከ ዛሬ ፍሬው የሚታየው የሰበካ ጉባኤ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት ካህናቱና ምእመናኑ፣ ሽማግሌውና ወጣቱ፣ በየአጥቢያቸው አንድ ላይ ተቀምጠው የቤተ ክርስቲያናቸውን ገንዘብና ሥራ እንዲመሩ ሆነ። ይህ ነገር ምን ያህል አርቆ አሳቢነት እንደ ነበረ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን አጣች፤ ከዚያ ወዲያ ያቆማት የምእመናኗ መዋጮ ነበር።

የዚያ ዘመን ነገር ግን በመሬት ብቻ አላበቃም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ሌሊት 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኰንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ሞቱ ተብሎ ተነገረ፤ የተቀበሩበት ሥፍራ ግን አልተገለጸም። እንዲህ እያለ አንዱ ሞት ሌላውን ሲከተል የገዳዮቹ ሥራ አንድ መልክ እየያዘ መጣ። ይኸውም ሰውን በሌሊት መውሰድ፣ ሥፍራውን መደበቅና ዝም ማለት ነው። መጥፎውን ሥራ በስሙ መጥራትም ቀረ፤ መግደል ተብሎ አይጻፍም፣ እርምጃ ተወሰደ ይባል ነበር እንጂ።

አቡነ ቴዎፍሎስ ደርግን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ፤ እነርሱም አቡነ ጳውሎስ፣ አቡነ ባስልዮስና አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ፓትርያርክ ጳጳስ ለመሾም ወታደር ማስፈቀድ የለበትም የሚል እምነት እንደ ነበራቸው ከሥራቸው ይታያል። ሦስቱ ጳጳሳት ታሰሩ። ፓትርያርኩም ሀብት አከማችተዋል፣ ከአሮጌው ሥርዓት ጋራ ተባብረዋል ተብለው በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ወኅኒ ወረዱ። በምትካቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተሾሙ። አዲሱ ፓትርያርክ በጾምና በጸሎት የታወቁ ባሕታዊ ነበሩ፤ ግፉ የእርሳቸው አልነበረም። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ግን ፓትርያርክ በሕይወት ሳለ በወታደር ትእዛዝ ሊተካ አይገባውም በማለት ሹመቱን ሳትቀበል ቀረች።

አንባቢ እዚህ ላይ እንዲያስተውልልን የምንሻው ነገር አለ። በቅዳሴ ጊዜ የፓትርያርኩ ስም ይጠራል። ያረፉ አባቶች ደግሞ በፍትሐትና በመታሰቢያ ጸሎት ይታሰባሉ። አቡነ ቴዎፍሎስ ግን ከመንበራቸው ስለ ተነሡ በሕያዋን ፓትርያርክ ስፍራ አይጠሩም፤ መሞታቸው ስላልታወቀም በሙታን ስፍራ አይታሰቡም። አባት የነበሩላት ቤተ ክርስቲያን ስማቸውን የምታኖርበት ቦታ አጣች።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሦስት ዓመት እስራት በኋላ፣ ፓትርያርኩ በአዲስ አበባ በራስ አሥራተ ካሳ ግቢ በገመድ ታንቀው ተገደሉ፤ እዚያው ግቢ ውስጥም ተቀበሩ። የግቢው ባለቤት ራስ አሥራተ ራሳቸው ከ60ዎቹ ሟቾች አንዱ ነበሩ፤ ቤታቸው ከእርሳቸው ሞት በኋላ የሌሎች መሞቻ ሆነ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተይዘው በዚያው ደብዛቸው ጠፋ።

ከ43 ዓመት በፊት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስን ፋሽስት በአደባባይ ረሽኗቸው ነበር። ጠላት ያን ያደረገው ሕዝብ አይቶ እንዲፈራ ነው፤ ሕዝቡ ግን አይቶ መሰከረ፤ ቆይቶም ሐውልት አቆመላቸው። የ1971ዎቹ ገዳዮች ከዚህ የተማሩ ይመስላሉ። ምስክር እንዳይኖር በስውር ገደሉ፤ ሐውልት እንዳይቆም መቃብሩን ሰወሩ። በዚህም ነገሩ የተፈጸመ መሰላቸው።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአዲስ ኃይል እጅ ገባች፤ የደርግ ባለሥልጣናትም ተያዙ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ምድሪቱ የያዘችውን መስጠት ጀመረች። የ60ዎቹ ዐፅም በማዕከላዊው ወኅኒ ቤት አካባቢ ከጅምላ ጕድጓድ ወጣ። የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከሲሚንቶ ወለል ሥር ተገኘ። የፓትርያርኩ ዐፅም፣ የቄስ ጉዲናም ዐፅም ተገኘ። የተለያየ ምስጢር ይመስል የነበረው በአንድ እጅ የተፈጸመ መሆኑ ተገለጠ።

ይህ ሁሉ እንዴት ተፈታ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ወረቀት ነው። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ የደርግ ሰነዶችን ሰበሰበ። ደርግ ሕዝብን ዝም ያሰኝ እንጂ ጸሐፊዎቹን ዝም አላሰኘም ነበር፤ ትእዛዙ ከነፊርማው፣ አፈጻጸሙ ከነሪፖርቱ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ተገኘ። ሁለተኛው አጥንት ነው። በአገራቸው ወታደራዊ መንግሥት ያጠፋቸውን ሰዎች በመፈለግ የታወቁ የአርጀንቲና ሊቃውንት በ1980ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው መቃብር በጥንቃቄ እየከፈቱ መረመሩ። በኮተቤ ከተገኙት ዐፅሞች ጋራ የማነቂያው ናይሎን ገመድ አብሮ ወጣ። ሥጋ በስብሶ ገመዱ አልበሰበሰም፤ ነፍሰ ገዳዩ የጣለው ዕቃ ራሱ ምስክር ሆነበት።

ዋናው የፍርድ ሂደት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ 12 ዓመት ፈጀ። ፍርድ ቤቱ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 መሠረት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ግብረ አበሮቻቸውን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኞች አላቸው። መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ሸሽተው ስለ ነበር የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው።

የጎጃሙም ነገር ተረስቶ አልቀረም። በነሐሴ 1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ታስረው የነበሩ 75 ሰዎች ተገድለው ነበር። ያን ጊዜ በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በኔዘርላንድ ሲኖር ተይዞ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ በ2014 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። በክሱ ውስጥ በደብረ ማርቆስ ብቻ ሳይሆን በመተከል የታሰሩትና የተሠቃዩትም ተጠቅሰዋል። የዚያን ጊዜው የመተከል አውራጃ መቀመጫ ደግሞ ዛሬ በአዊ ዞን ያለችው ቻግኒ ናት። ከ39 ዓመት በኋላ፣ ባሕር ማዶ፣ በባዕድ ቋንቋ በሚሠራ ችሎት የአገራችን ሰዎች መከራ ተቈጠረ።

የአቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም ከተሰወረበት ወጥቶ፣ ራሳቸው ባሳነጹት በጎፋ መካነ ሕያዋን ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር አረፈ። በዚያው በ1984 ዓ.ም. በመንበረ ፓትርያርኩ ላይ የተቀመጡት አቡነ ጳውሎስ ናቸው፤ ይኸውም ሟቹ ፓትርያርክ ከሾሟቸውና ስለ ሹመታቸውም ሰባት ዓመት ያህል ከታሰሩት ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው። ስም የምታኖርበት ቦታ አጥታ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻ ለአባቷ ፍትሐት አደረሰች፤ እርሟንም አወጣች።

ፓትርያርክ ፈላጊ አያጣም፤ መንበሩ ራሱ ይፈልገዋል። ከአገው ምድርና ከመተከል ሄዶ ያልተመለሰውን ወጣት ግን የሚፈልገው ቤተ ሰቡ ብቻ ነው። የሚያስታውሱት ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ። እኛ ወጣቶች ፍርድ መስጠት ባይቻለን፣ በእንጅባራም በዳንግላም በቻግኒም ከአያቶቻችን ዘንድ ተቀምጠን የማንን ልጅ መቼ ማን እንደ ወሰደው ጠይቀን በደብተር መጻፍ ግን አያቅተንም። የአቡነ ቴዎፍሎስን መቃብር ያስገኘው የሚያውቅ ሰውና የተጻፈ ወረቀት መኖሩ ነው። የሚያውቀው ሰው ሳይጠየቅ ካለፈ በኋላ ግን ምድሪቱን ብትቈፍር ከየት ትጀምራለህ?