አፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ማምረቻ

ስለ መንግሥት ድርጅቶች የማስፈጸም አቅም በተወያየን ቁጥር ምሳሌ የምንፈልገው ከባሕር ማዶ ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት ግን በአገራችን መንግሥት በራሱ ወጪና ትእዛዝ ካቋቋማቸው ማምረቻዎች ከቀደምቱ አንዷ ነበረች። ታሪኳም ከመሥራቿ ከአፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ተለይቶ አይነገርም።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወልደው፣ ከሽፍትነት ተነሥተው መሳፍንቱን በየተራ ድል ካደረጉ በኋላ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አልዘገይበትም። ለሙያችን ይበልጥ የሚጠቅመው በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው የደረሰባቸው ሽንፈት ነው። ጀግንነት በመድፍና በሥርዓት ፊት ብቻውን እንደማይቆም ያን ዕለት ተረዱ፤ የመድፍ ነገርም ከዚያ ወዲያ ከልባቸው አልወጣም።

በ1848 ዓ.ም. የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላኳቸው፣ ከስብከት ጋር የእጅ ሙያ የተማሩ ወጣት ሚሲዮናውያን ወደ አገር ገቡ። ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። በጋፋት ሰፈር ተሰጥቷቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ሌሎችም ከፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ከፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ጋር ሥራ ጀመሩ። መድፍ አቅልጡ ሲባሉ ሚሲዮናውያኑ የሙያው ዕውቀት እንደሌላቸው ቢናገሩም ምክንያታቸው አልተሰማም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደጋግመው ሞክረው ተሳካ። ንጉሡም በሽልማት አንበሸበሿቸው። የአገር ልጆችም ሙያውን እንዲማሩ ከእነርሱ ጋር ተመደቡ። ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ በሚናቅበት አገር ንጉሥ በምድጃ ዳር ቆሞ ባለ እጅን ማክበሩ፣ በእኔ ግምት፣ ከመድፉ የማያንስ ሥራ ነበር።

የጋፋት ድካም ከእጅ ይልቅ በአመራር በኩል ይታያል። ዐቅዱን የሚያወጡት፣ ገንዘቡን የሚሰጡት፣ ምርቱን የሚረከቡትና የሚመረምሩት አንድ ሰው፣ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለሠራዊቱ ቀለብ ለማዋል ባደረጉት ሙከራ ካህናቱ ተቃወሟቸው፤ አውራጃዎቹም እያመፁ ግብሩ ሲቋረጥ ማምረቻው የሚደገፍበት መሠረት እየጠበበ ሄደ።

ንጉሡ ተጨማሪ ሙያ ከውጭ ለማግኘት ያደረጉት ጥረት ይበልጥ ያሳዝናል። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ሚሲዮናዊውን ፍላድን ሙያተኞችና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሙያተኞቹ ተቀጥረው ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ ደረሱ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ሳይፈቱ ወደ ላይ እንዳይወጡ ተከለከሉና ተመለሱ። ጋፋት ያን ያህል ስትጠብቃቸው የነበሩት ሰዎች ከባሕሩ ዳር አላለፉም።

የቀሩት ባለ እጆች 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ደብረ ታቦር አካባቢ አቀለጡ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። መንገድ አልነበረም፤ እየሠሩ ሄዱ። ገደሉ በሚናድበትና ድንጋዩ በሚነሣበት ሥራ ንጉሡ ራሳቸው እንደ ማንም ሠራተኛ ይሳተፉ ነበር። የዤጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግረው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። እንዲህ ያለ ክብደት በእንዲያ ያለ ዳገት ላይ፣ ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ ማድረስ ዛሬም ለመንገድ መሐንዲስ ቀላል አይደለም።

ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ በተደረገው ውጊያ ከትላልቆቹ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲደፈር ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ሽጉጣቸውን ጠጡ። አውሮፓውያኑ ባለ እጆች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ፤ የጋፋት ምድጃም ጠፍቶ ቀረ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ ይታያል። የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ ከወድላ ወደ ዤጣና ወደ በሽሎ የወረደውና የወጣው፣ አፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባስጠረጉት በዚያው መንገድ ነበር።