የልዕልት ፀሐይ አጭር የሕይወት ታሪክ

ከከበረ ቤት ተወልዶ መከበር የተለመደ ነገር ነው፤ ከከበረ ቤት ተወልዶ የሕሙማንን ቍስል ማጠብ ግን ጥቂቶች ብቻ የሚመርጡት ሥራ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያ ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፥ በኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ሲሆኑ፥ እናታቸው እቴጌ መነን አስፋው ናቸው።

ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀች ጊዜ ልዕልቲቱ ገና 16 ዓመት ያህላቸው ነበር። ዳሩ ግን ልጅነታቸው ከሥራ አላገዳቸውም። በኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ከሴቶች ጋራ ሆነው ለዘማቾች ፋሻና ልብስ፥ የመርዝ ጢስ መከላከያም እንዲዘጋጅ ደከሙ። የሌሎች አገሮች ሴቶችም ስለ ኢትዮጵያ እንዲቆሙ ልመናቸውን ላኩ።

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተ ሰባቸው ተሰደዱ። ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝ አገር በደረሱ ጊዜ ስደታቸውን በትካዜ ብቻ ሊያሳልፉት አልወደዱም። ሎንዶን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተው እንደ ማንኛዪቱም ተማሪ የአስታማሚነትን ሥራ ተማሩ። በነሐሴ ወር 1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው የሕፃናት ነርስ ሆኑ፤ ከዚያም ጋይ በተባለው ሐኪም ቤት ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

አገራቸው በ1933 ዓ.ም. ነፃ በወጣች ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በደሴ ሐኪም ቤት በሽተኞችን አስታመሙ። በሚያዝያ ወር 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አግብተው፥ ባለቤታቸው የወለጋ አገረ ገዥ ስለ ነበሩ ወደ ነቀምቴ አብረው ሄዱ።

የትዳራቸው ዘመን ግን አራት ወር እንኳ አልሞላም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ ክረምቱ በበረታበት ወቅት፥ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በነቀምቴ ሳሉ ከእርግዝና ጋራ በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበረ። የሰውን ልጅ ማዳንን የተማሩት ሴት፥ ስንቱን የኢትዮጵያ እናት በወሰደው ሞት ተወሰዱ። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ።

ወዳጆቻቸው መታሰቢያቸው ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ ሐኪም ቤት እንዲሆን ወሰኑ። የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ ደከሙ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። በሩ ላይ የነበረው ስም ቢፋቅም፥ በስማቸው በተሠራው ቤት ብዙ ሕሙማን ተፈውሰዋል።

ከዚህ ታሪክ የእንሴኖ ምእመናንም የሚማሩት አለ። ሞት ልዕልትን ከገበሬ ሚስት አልለየም። ስለዚህ ምጥ የያዛትን ጎረቤት ቀኑ ሳይመሽ፥ ጎርፉ ሳይሞላ፥ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ፥ የሕሙማንን አልጋ መጠየቅ፥ ሴት ልጅንም አስተምሮ ለዚህ አገልግሎት ማብቃት ለልዕልት ፀሐይ የሚገባ እውነተኛ መታሰቢያ ነው። ይህንም ለማድረግ የንጉሥ ልጅ መሆን አያስፈልግም።